«ፊንላንድ መርከብ ላይ መስራት ያዋጣኛል ወይ?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው፣ ሌላውም ሰው እንዲከተለን። ቫንታ ነው የምትኖረው፣ በባለቤትህ በኩል ነው የመጣኸው፣ ሃያ ሰባት ዓመትህ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ትነዳለህ፣ ፊንላንድኛህ ቢ ዋን፣ መካከለኛ ደረጃ ማለት ነው፣ ደርሷል። አንድ የስራ ባልደረባህ «መርከበኛ ግማሽ ዓመት ሰርቶ የዓመት ደሞዝ ይበላል» ቢልህ ልብህ ተነሳ። ዋና አትችልም፣ በረዶው ያስፈራሃል፣ ካፒቴን ብትሆን ደስ ይልሃል፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ታናሽ ወንድምህ ደሞ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሶ «እኔስ?» እያለህ ነው።

መልሴ አዎ ያዋጣል ነው፣ ግን በኢንጂን ሩም በኩል ግባ ነው የምልህ፣ የካፒቴኑን ነገር ለጊዜው ተወው። እኔ ራሴ ሞተር ክፍል ስለምሰራ ወደ ሰፈሬ እየጎተትኩህ ነው ብትል አልፈርድብህም፣ ምክንያቴን ግን አንድ በአንድ ልንገርህ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይሄ ስራ እዚህ ሀገር ለምን እንዳለ ይግባህ። ፊንላንድን ካርታ ላይ ስታያት በየብስ ከስዊድንም ከኖርዌይም የተያያዘች ናት፣ በንግድ ግን ደሴት በላት። ከውጭ ንግዷ በክብደት ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በባሕር ነው። ወረቀቱ፣ ካርቶኑ፣ ጣውላው፣ ቶርኒዮ የሚመረተው የማይዝግ ብረት፣ ራሄ የሚመረተው ላሜራ፣ ፖርቮ ያለው ማጣሪያ የሚያስገባው ድፍድፍና የሚያስወጣው ነዳጅ ሁሉ መርከብ ይፈልጋል። ወደ ስዊድን ባቡር አለ አይደል እንዳትለኝ፣ የሐዲዱ ስፋት ራሱ አይገጥምም፣ የፊንላንዱ 1524 ሚሊሜትር ነው የስዊድኑ 1435፣ ስለዚህ ቶርኒዮ ድንበር ላይ ዕቃው ከባቡር ወደ ባቡር መገልበጥ አለበት። በምስራቅ የነበረው የሩሲያ በር ደሞ ከ2022 ወዲህ ተዘጋ፣ ከዛ ይመጣ የነበረው እንጨትም ድፍድፍ ነዳጅም ቀረ፣ ሁሉም ነገር ወደ ባሕሩ ዞረ። በማርች 2024 የወደብ ሰራተኞቹ አድማ መትተው ወደቦቹ አራት ሳምንት ያህል ሲቆሙ እዚህ ከነበርክ መጋዘናችሁ ውስጥ ራሱ ሳታየው አትቀርም፣ ኮንቴነር የለም፣ ወረቀቱ ፋብሪካ ውስጥ ተከምሮ መውጫ አጣ። ከተማ ውስጥ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ሳያስበው ነው የሚኖረው፣ ባሕር ሲባል ተሻግሮ ኢስቶኒያ፣ ታሊን ሄዶ ቢራ መግዛት ነው የሚመስለው።

እሺ፣ አሁን ወደ «ግማሽ ዓመት ሰርቶ» ልምጣ። ውሸት አይደለም፣ ግን ባልደረባህ ግማሹን ነው የነገረህ። የፊንላንድ ባንዲራ የያዘ፣ ማለትም እዚህ የተመዘገበ መርከብ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ለአንድ የሚባል አሰራር ነው ያለው፣ መርከብ ላይ የቆየኸውን ያህል ቤትህ ትቀመጣለህ፣ ደሞዙ አይቋረጥም። የመንገደኛ ፌሪ ላይ ዙሩ ሳምንት ወይ ሁለት ሳምንት ነው፣ ጭነት መርከብ ላይ ረዘም ይላል፣ ወርም ከዛ በላይም ይሆናል። ነገር ግን መርከቡ ላይ እያለህ ቅዳሜ የለም እሁድ የለም፣ በየቀኑ ነው የምትሰራው፣ እሱም አስር አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ ደንብ የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን ውስጥ ደሞ ቢያንስ 77 ሰዓት እረፍት ይሰጠው ነው፣ እስኪ ገልብጠህ አስላው፣ ቀሪው ስንት ሰዓት ነው? የዓመቱን ድምር ብታየው መጋዘን ከምትሰራው ብዙም አያንስም፣ ተጠቅልሎ ነው የሚሰራው በቃ። ደሞዙ በሕብረት ስምምነት የተወሰነ ነው፣ ሰንጠረዡን የመርከበኞች ማህበሩ ዘንድ ታገኘዋለህ፣ ከመሰረታዊው ላይ የሌሊቱ የእሁዱ የትርፍ ሰዓቱ ይጨመራል፣ ታክስ ላይም ለባሕር ገቢ የሚባል ልዩ ተቀናሽ አለ። ስለዚህ ገንዘቡ ደህና ነው፣ ከፎርክሊፍቱ ይሻላል ብል አላጋነንኩም።

የሚከብደው ሌላው ነው። ገና ሲሆን ባሕር ላይ ነህ፣ ልጅህ ሲታመም ባሕር ላይ ነህ፣ ለቅሶም ሰርግም ይቀርሃል፣ ዕድር ላይ «እሱማ መቼ ይገኛል» ትባላለህ። ከዛ ደሞ ወደ ቤት ስትመለስ ባለቤትህ ቤቱን ያለ አንተ ማስተዳደር ለምዳዋለች፣ አንተ ሶፋው ላይ ሆነህ ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ ምናምን ስትል ጠብ ይነሳል። ይሄን የምልህ ከገንዘቡ ቀድሞ ስራውን የሚያስለቅቀው ይሄ ስለሆነ ነው፣ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሳትነጋገሩ አንድም ፎርም እንዳትሞላ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ስጋና ድንች ይበዛዋል፣ ሐሙስ ሐሙስ የአተር ሾርባ አለ፣ ጿሚ ከሆንክ ለምግብ አብሳዩ ገና ስትገባ ንገረው፣ ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው ስትለው መጀመሪያ ይደነግጣል ከዛ የአተሩን ሾርባ ያለ ስጋ ለብቻህ ይሰራልሃል። ሳውና አለ፣ ቡና ሲፈላ ነው የሚውለው፣ ቅጥነቱን ግን አትጠይቀኝ።

በረዶውን ፈራሁ ላልከው። መፍራትህ ተገቢ ነው፣ ግን የምትፈራው ቦታውን ስተሃል። የባልቲክ ባሕር ጨው ትንሽ ነው፣ ብዙ ወንዝ ይገባበታል ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ደሞ በጠባብ በር ነው፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ስትደርስ ከሺህ እጅ ሦስት አራት እጅ ብቻ ነው ጨው፣ ውቅያኖስ ላይ ሠላሳ አምስት ነው። ስለዚህ ቶሎ ይረጋል። ክረምቱ ከጠነከረ የፊንላንድ ወደቦች ሁሉም ሊዘጉ ይችላሉ፣ ኬሚና ኦውሉ አካባቢ ያለው ደሞ እስከ ሜይ ድረስ በረዶ አይለቀውም። ለጥ ያለው በረዶ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው ነፋስ በረዶውን እየገፋ አንዱን ባንዱ ላይ ሲቆልለው የሚፈጠረው ክምር ነው፣ ከላይ ስታየው የድንጋይ ካብ ነው የሚመስለው፣ ከውሃው በታች ያለው ግን ከላይ ካለው ብዙ እጥፍ ይወርዳል፣ መርከቡ እዛ ላይ ከገባ ይቆማል በቃ፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም።

ያኔ በረዶ ሰባሪ ይጠራል። እነዚህ መርከቦች የመንግስት የሆነው አርክቲያ የሚባለው ድርጅት ንብረት ናቸው፣ በበጋ ሄልሲንኪ ካታያኖካ ቆመው አይተሃቸው ይሆናል። ቮይማ የምትባለው በ1954 የተሰራች ናት፣ ከ60 ዓመት በላይ በረዶ ስትሰብር የኖረች አሮጊት፣ ፖላሪስ ደሞ በ2016 ስራ የጀመረች፣ በፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ጭምር የምትሄድ የመጀመሪያዋ በረዶ ሰባሪ ናት። አገልግሎቱ ለመርከቡ በነጻ ነው፣ ወጪው ከመተላለፊያ ክፍያው ነው የሚሸፈነው፣ ግን ለሁሉም አይደለም። መርከቦች የበረዶ ደረጃ አላቸው፣ ከላይ አንድ ኤ ሱፐር የሚባለው፣ ከዛ አንድ ኤ፣ አንድ ቢ፣ አንድ ሲ እያለ ይወርዳል፣ ክረምቱ እየበረታ ሲሄድ ወደዚህ ወደብ ከዚህ ደረጃ በታችና ከዚህ ክብደት በታች የሆነ መርከብ እርዳታ አያገኝም ተብሎ ይታወጃል። ስለዚህ እዚህ ሀገር በክረምት የምትሰራበት መርከብ ለዛ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ላሜራው ወፍራም ሞተሩ ጉልበተኛ። ሁኔታው ሲከፋ በረዶ ሰባሪዋ ቂጧ ላይ ቪ ቅርጽ ያለው መግቢያ አላት፣ ያንተን መርከብ አፍንጫ እዛ ውስጥ አስገብታ በወፍራም ሽቦ አስራ ትጎትትሃለች፣ ሁለቱ መርከብ እንደ አንድ ሆኖ ይሄዳል። ብሪጅ ላይ፣ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ማለት ነው፣ ያለው ሰው ያኔ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚቆመው፣ ምክንያቱም ከፊት ያለችው በድንገት ብትቆም...

እኛ ታች ያለነው ግን ሌላ ጣጣ አለብን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው እንበል፣ ከኬሚ ወጥታችሁ በረዶ ውስጥ ናችሁ፣ ጎኑን በረዶ እየፋቀው ድምጹ ጆሮ ማፈኛ አድርገህ ራሱ አጥንትህ ውስጥ ይሰማሃል። የመርከብ ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ነው፣ ውሃው የሚሳበው ከመርከቡ ሆድ ስር ካለ ሳጥን ነው፣ ሲ ቼስት እንለዋለን። የተፈጨው በረዶ ከውሃው ጋር ተደባልቆ እንደ ገንፎ ሆኖ እዛ ሳጥን ውስጥ ይገባና ማጥለያውን ይደፍነዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፣ የባሕር ውሃ ፓምፑ ፕሬሸር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ መርፌው ይወርዳል ይወጣል ይወርዳል፣ ከዛ የማቀዝቀዣው ሙቀት ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። እዚህ ላይ ጊዜ የለህም፣ ጀነሬተሩ በሙቀት ከጠፋ መርከቡ ይጨልማል፣ ከፊትህ ደሞ በረዶ ሰባሪ አለች። የምታደርገው ሞተሩን አቀዝቅዞ የሚወጣውን ሞቅ ያለ ውሃ ወደ ባሕር መድፋትህን ትተህ መልሰህ ወደ ሲ ቼስቱ መላክ ነው፣ ቫልቩን ታዞረዋለህ፣ ሙቁ ውሃ በረዶውን ያሟሟዋል፣ ከላይ የሚንሳፈፈው ይንሳፈፋል ከስር ያለው ውሃ ይሳባል። ማጥለያው ከተደፈነ ደሞ ወደ ሁለተኛው ታዛውርና የተደፈነውን ከፍተህ በረዶውን በእጅህ ዝቀህ ታወጣዋለህ፣ ጓንትህ ይረጥባል ጣትህ ይደነዝዛል፣ ግንባርህ ላይ ላብ አለ፣ ምክንያቱም ክፍሉ ራሱ ይሞቃል። ቫልቩ በየት በኩል እንደሚዞር የሚያውቅ ተረኛ ነው የሚፈለገው፣ ቱቦውን ተከትሎ ሳያይ የሚያገኘው። ካፒቴን ኮፍያውን አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ መርከቡን ያስኬደው ግን ያ ቫልቭ ነው (ከዴክ፣ ማለትም ከላይ መርከቡን ከሚመሩት ወገን የሆናችሁ እንዳትቀየሙኝ)።

ለምን ሞተር ክፍል እንዳልኩህ ልመለስ። አንደኛ፣ ከማየው ካፒቴን ልሁን የሚለው ብዙ ነው፣ ታች ልውረድ የሚለው ጥቂት ነው፣ ኩባንያዎቹ መሐንዲስ ፍለጋ ሲንከራተቱ ነው የማየው። ሁለተኛ ቋንቋው። ብሪጅ ላይ ንግግር ነው ስራው፣ መርከቡን ወደብ ከሚያስገባው መሪ (ፓይለት)፣ ከትራፊክ ቁጥጥር፣ ከበረዶ ሰባሪ፣ ከወደብ ጋር፣ በቶሎና ያለ ስህተት፣ እንግሊዝኛ ይሰራል ግን ፊንላንዶቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ያልገባው ሰው ወደኋላ ነው የሚቀረው። ታች ድምጽ ስለማይሰማ በጣትም በዓይንም እንግባባለን፣ ቋንቋህ እስኪጠነክር እጅህ ይናገርልሃል። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፣ የባሕር ሕይወቱ አንድ ቀን ቢበቃህ የሞተር ሰው የብስ ላይ ስራ አያጣም፣ የከተማ ማሞቂያ ጣቢያ፣ የኃይል ማመንጫ፣ የወረቀት ፋብሪካ ጥገና፣ ቱርኩ ያለው የመርከብ መስሪያ፣ ቫርትሲላን የመሰለ ሞተር አምራች ሁሉ ይቀበልሃል። የዴክ ወረቀት የያዘ ሰው የብስ ላይ የሚያገኘው በር ጠበብ ይላል፣ ያለውም ደሞ ጥርት ያለ ፊንላንድኛ ወይ ስዊድንኛ የሚጠይቅ ነው።

ትምህርቱ በሁለት መንገድ ነው። ሙያ ትምህርት ቤት አለ፣ ኮትካ ውስጥ ኤካሚ፣ ራውማ ውስጥ ዊንኖቫ፣ ኦላንድ ደሴቶች ላይ ደሞ በስዊድንኛ። ትምህርቱ በነጻ ነው፣ አዋቂ ስለሆንክ ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆነው ማመልከቻ መግባት ትችላለህ፣ ሙሉው ሦስት ዓመት ገደማ ነው ግን ባለህ ልምድ ያሳጥሩልሃል። መጀመሪያ የሞተር ክፍል ሰራተኛ ሆነህ ትወጣለህ፣ ከፈለግክ ቀጥለህ ቫህቲኮኔሜስታሪ የሚሉትን የተረኛ መሐንዲስ ወረቀት ትይዛለህ። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ መንገድ ነው፣ የባሕር ካፒቴን ዲግሪ 270 ክሬዲት ነው፣ አራት ዓመት ተኩል፣ ቱርኩ ውስጥ የኖቪያ አቦዋ ማሬ እና ራውማ ውስጥ ሳምክ በእንግሊዝኛም ያስተምራሉ፣ ኮትካ ያለው ክሳምክ በፊንላንድኛ፣ ኦላንድ ላይ ያለው ማሪየሃምን በስዊድንኛ። ላንተ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው፣ ሃያ ሰባት ዓመት ላይ ቤተሰብ ይዘህ አራት ዓመት ተኩል ከመቀመጥ ቶሎ ወረቀት ይዘህ ደሞዝ እየበላህ ወደ ላይ መውጣት ይሻላል፣ ዲግሪው የትም አይሄድም።

አንድ ሰው ሳይነግርህ የሚያልፍህ ነገር አለ፣ የልምምድ ቦታ። መርከብ ላይ የሰራህበት ቀን ካልተቆጠረ ትምህርቱን ብቻ ጨርሰህ ወረቀት አይሰጥህም፣ ለመኮንን ወረቀት ወደ ዓመት የሚጠጋ የባሕር ጊዜ ያስፈልጋል፣ እሱም በልምምድ መዝገብ ላይ እየተፈረመልህ። ተማሪዎችን ለኩባንያዎች የሚያከፋፍል ሃርዮይተሉሙሉ የሚባል የጋራ አሰራር አለ፣ በእሱ በኩል ትደለደላለህ። ምርጫ ካገኘህ ግን የመንገደኛ ፌሪ ብቻ እንዳትመርጥ፣ አንዱን ልምምድ በክረምት ጭነት መርከብ ላይ አድርገው፣ ከሄልሲንኪ ቩኦሳሪ ወደብ ጀርመን ትራቬሙንደ የሚሄደው መስመርም ይሁን ወደ ቦትኒያ የሚወጣ፣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም ነገር እንድትነካ ያደርጉሃል። ፌሪ ላይ ግን ሞፕ ይዘህ ልትጨርሰው ትችላለህ። በዛ ላይ ዋናው መሐንዲስ ስምህን የሚያስታውሰው ትንሽ መርከብ ላይ ነው፣ ስራ ደሞ እዚህ ሀገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ያ ልጅ ጥሩ ነበር» በሚል ስልክ ነው፣ ስማችን ፎርም ላይ ሲታይ የሚዘለልበት ጊዜ እንዳለ አንተም ታውቀዋለህ፣ የሚሰብረው ያ ስልክ ነው። ፊንላንድኛህ ቢ ዋን ላይ መሆኑ ለመግባት ይበቃል፣ የመሳሪያ ስም የቁልፍ ስም የቱቦ ስም ግን የትኛውም የቋንቋ ኮርስ አያስተምርህም፣ እዛው ነው የሚለመደው።

ዋና አለመቻልህን አቅልለህ እንዳታየው። ማንም ሰው መርከብ ላይ ከመሰለፉ በፊት መሰረታዊ የደህንነት ስልጠና ይወስዳል፣ በየአምስት ዓመቱም ይታደሳል። እሳት ማጥፋት አለበት፣ አየር ተሸክመህ ጭስ በሞላው ክፍል ውስጥ በጉልበትህ እየሄድክ ሰው መፈለግ አለበት፣ ውሃው ላይ ደሞ ላይፍ ጃኬት አድርገህ ከከፍታ መዝለል፣ የተገለበጠ የነፍስ አድን ጀልባ ማቃናት፣ ላይፍ ጃኬት አድርገህ መዋኘት፣ ያለ እሱም ሳትሰጥም መቆየት አለ። ሻምፒዮን ሁን አይሉህም፣ ግን ውሃ ውስጥ የሚደነግጥ ሰው አያልፍም። እዚህ አካባቢ ይሄን ነገር በጣም አክርረው ነው የሚያዩት፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1994 ሌሊት ኢስቶኒያ የምትባለው ፌሪ ከታሊን ወደ ስቶክሆልም ስትሄድ ሰጥማ 852 ሰው ሞቷል፣ የፊት በሯ በማዕበል ተገንጥሎ ውሃው የመኪናው ወለል ላይ ገባ፣ ከዛ ለመስጠም ሰዓትም አልፈጀባት። ልምምድ ላይ ደወል ሲደወል የሚቀልድ ፊንላንዳዊ መርከበኛ አይቼ አላውቅም።

ፌሪ ላይ በጽዳትና በምግብ ቤት በኩል መግባትስ ብለህ ጠይቀሃል። ይቻላል፣ ብዙ የውጭ ሀገር ሰው የሚጀምረውም እዛ ነው፣ ከስቶክሆልም ጠዋት የገባው መርከብ ማታ እስኪወጣ ድረስ ያንን ሁሉ ካቢን ማዞር ቀልድ እንዳይመስልህ፣ ወገብ ይቆርጣል። ለመሞከሪያ ጥሩ ነው፣ ባሕሩ ይስማማሃል ወይስ ታስመልሳለህ የሚለውን በአንድ ኖቬምበር ታውቀዋለህ። ግን እዛ ላይ ቁጭ ካልክ ወደ ሞተር ክፍል የሚወስድህ ደረጃ የለም፣ የባሕር ቀንህም ለመሐንዲስ ወረቀት አይቆጠርልህም። ደሞ የፌሪው ንግድ ስስ ነው። መንገደኛው የሚመጣው ለሱቁና ለዳንሱ ነው፣ ሌሊት ኦላንድ ላይ የሚቆሙትም ደሴቶቹ ከአውሮፓ ሕብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ክልል ውጭ ስለሆኑ ከቀረጥ ነጻ መሸጥ እንዲችሉ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ መጀመሪያ ቤታቸው የተላኩት የፌሪ ሰራተኞች ናቸው። ባንዲራም ይቀየራል፣ ሲልያ ዩሮፓ በ2013 ከፊንላንድ ወደ ኢስቶኒያ ባንዲራ ስትዞር የስራ ውሉም አብሮ ነው የሄደው። ጭነቱ ግን ኮሮናም ቢመጣ ይጫናል።

ታናሽ ወንድምህ ጋ ስንመጣ እሱን እዚህ ለማምጣት እንዳትቸኩል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት ፕሮግራሞች ላይ ማመልከት ይችላል፣ ማመልከቻው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ግን ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ ከ2017 ጀምሮ ይከፍላል፣ በዛ ላይ መኖሪያውን የሚችል ገንዘብ ማሳየት አለበት፣ ያንተ የፎርክሊፍት ደሞዝ እሱንም ቤተሰብህንም አይችልም፣ እውነቱን ለመናገር። እሱ አጠገቡ ያለውን ነው መያዝ ያለበት፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ተቋም ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል የጨረሱ ልጆችን ተቀብሎ ማሪን ኢንጂነርና ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር አድርጎ ያወጣል፣ ከጣና ዳር ተነስተው ዓለምን የሚዞሩ ልጆች በየወደቡ ታገኛለህ። ባሕር የሌለው ሀገር መርከበኛ ያወጣል ብሎ የሚገርመው ፈረንጅ ብዙ ነው፣ የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ከ1964 ጀምሮ እንዳለ አያውቁም። እዛ ጨርሶ የተወሰኑ ዓመታት ውቅያኖስ ላይ ከሰራ በኋላ ወደ ፊንላንድ ባንዲራ ልምጣ ቢል ወረቀቱን ትራፊኮም የሚባለው የፊንላንድ የትራንስፖርት መስሪያ ቤት ማጽደቅ አለበት፣ ይሄ የሚሆነው ደሞ የአውሮፓ ሕብረት እውቅና ከሰጣቸው ሀገሮች ለሚመጣ ወረቀት ነው፣ ስለዚህ ያኔ ደርሶ ከትራፊኮም ራሱ ይጠይቅ።

እና ንገረው፣ «ፊንላንድ መርከብ ላይ ስራ አለ፣ ይሄን ያህል ክፈል» የሚል ደላላ ቴሌግራም ላይ ቢያገኝ ሌባ ነው። ስለ ደላላው ምንም ማጣራት አያስፈልገውም። የባሕር ሰራተኞች ኮንቬንሽን በሚባለው የ2006 ስምምነት መሰረት መርከበኛን ስራ ለማስገባት ብሎ ከመርከበኛው ገንዘብ መቀበል የተከለከለ ነው፣ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ፓስፖርት ለማውጣት ለሕክምና ለመርከበኛ ደብተር ራሱ ሊያወጣ ይችላል፣ ከዛ ውጭ አንድ ብር እንዳይሰጥ።

ላንተ የቀረኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ከሁሉም በፊት የመርከበኞች ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝ፣ ያለ እሱ ወረቀት ትምህርት ቤቱም አይቀበልህም፣ አንዴ ካለፍክ ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው። የሚያስወድቀው ብዙ ጊዜ ዓይን ነው፣ ነጠብጣብ ቁጥር ያለበትን መጽሐፍ ያሳዩሃል፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ዴክ ላይ የሌሊት መብራት ማንበብ ስለማይችል በሩ ተዘጋበት ማለት ነው፣ ለሞተር ክፍል ግን መስፈርቱ ላላ ይላል። ይሄን ሳያውቁ ስራ ለቀው ኮትካ ቤት ተከራይተው ከዛ ሐኪሙ ጋ የወደቁ አሉ። ሐኪሙን ካለፍክ ትምህርት ቤቱን ሄደህ ጎብኘው፣ ኮትካ ከሄልሲንኪ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሞተር ማስተማሪያ ክፍሉን ግባና እየው፣ ሽታውንና ድምጹን ከወደድከው ጥሩ ነው፣ ካስጠላህ ደሞ ያኔውኑ ታውቀዋለህ። መጋዘኑን ግን መግቢያህ በወረቀት እስኪረጋገጥ እንዳትለቅ። ዋናውን ደሞ ማንንም ሳትጠብቅ ጀምረው፣ ቫንታ ውስጥ ለአዋቂ ጀማሪ ኮርስ አለ፣ ከስድስት ዓመት ሕጻናት ጋር አንድ ገንዳ ብትገባም እንዳታፍር፣ እነሱ ከአንተ ቀድመው ይችሉታል፣ አንተም ትችለዋለህ።